ሎግ ሮቴሽንን ከሰርቨራችሁ ውሎ ጋር ማስማማት

አዳማ የስብሰባ ከተማ ናት። ሥልጠና ወይም ዓመታዊ ጉባኤ ሲኖር ሆቴሎቹ ይሞላሉ። በፈጣን መንገዱ ከአዲስ አበባ የመጣ እንግዳ ሁሉ ገና ሻንጣውን ሳያስቀምጥ የዋይፋይ ፓስወርድ ይጠይቃል። የሆቴሉ ሰርቨር ለእያንዳንዱ ግንኙነት ሎግ በሚባል የመዝገብ ፋይል ላይ አንድ መስመር ይጽፋል። ስብሰባው ሲበተን ሎጉም ጸጥ ይላል።

ሎግ ሮቴሽን (ሎግ ማዞር) ማለት አሮጌውን ሎግ ስሙን ቀይሮ ወደ ጎን ማድረግና አዲስ መጀመር ነው። መደበኛ ቅንብሩ ግን ይህን ውሎ አያውቅም። የተዘጋጀው ቀንም ሌሊትም ለሚሠራ፣ መብራት ለማይጠፋበት፣ በየቀኑ ተመሳሳይ ሥራ ላለው ማሽን ነው። የእኛ ማሽኖች እንዲህ አይደሉም። አንዳንዱ ማታ ቢሮ ሲዘጋ ይጠፋል። አንዳንዱ መብራት ሲሄድ ከዩፒኤሱ ጋር አብሮ ይወድቃል። አንዳንዱ ሳምንቱን ሙሉ ተኝቶ በአንድ ቀን ጉባኤ ይጥለቀለቃል። ስለዚህ ሎጉ መቼ እንደሚዞር፣ ስንት እንደሚቀመጥ፣ መቼ እንደሚጠፋ እናንተ ወስኑ። ይህ መመሪያ የሚያሳየው ያንን ነው።

ምሳሌዬ ኡቡንቱ ወይም ዴቢያን የጫነ፣ ሲስተምዲ (የማሽኑን ሥራዎች የሚያስነሳው ፕሮግራም) ያለው ሰርቨር ነው። «ሆቴል» የሚባል የእንግዳ መመዝገቢያ ሶፍትዌር አለው እንበል፤ ሎጎቹን /ቫር/ሎግ/ሆቴል ውስጥ ያስቀምጣል። ትዕዛዞቹንና የፋይል ስሞቹን የጻፍኩት እንደሚነበቡ ነው። ተርሚናል ላይ ስታስገቡ በላቲን ፊደል፣ በትንንሹ፣ ቃላቱን ሳትለያዩ ጻፏቸው። ትልቅ ፊደል የሚያስፈልግበት ቦታ ላይ እነግራችኋለሁ።

መጀመሪያ ያለውን እዩ

ምንም ከመንካታችሁ በፊት ዲስኩን ተመልከቱ። «ዲኤፍ -ኤች» እያንዳንዱ ዲስክ ምን ያህል እንደሞላ ያሳያል። ቀጥላችሁ «ሱዱ ዱ -ኤስኤች /ቫር/ሎግ/*» በሉ። የትኛው ሎግ ቦታውን እንደበላ ወዲያው ይታያል።

ዲስክ መቶ በመቶ ሲሞላ ጉዳቱ ሎግ ላይ አይቆምም። ዳታቤዙ መጻፍ ያቅተዋል። የእንግዳ ምዝገባ ይቆማል። ሪሴፕሽን ላይ ያለችው ልጅ ወረፋ እያየች ደረሰኝ መቁረጥ አትችልም። ከሎግ የመጣ መሆኑን የሚጠረጥር ሰው ደግሞ ብዙ ጊዜ የለም።

ሎጎቹን የሚያዞረው ሎግሮቴት የሚባል ፕሮግራም ነው፤ አሁን እሱን ማን እንደሚቀሰቅሰው እወቁ። «ሲስተምሲቲኤል ሊስት-ታይመርስ» ስትሉ «ሎግሮቴት.ታይመር» የሚል መስመር ካያችሁ ቀስቃሹ ሲስተምዲ ነው። እዚያው መጨረሻ የሠራበትና ቀጥሎ የሚሠራበት ሰዓት ተጽፏል። /ኢቲሲ/ክሮን.ዴይሊ ውስጥም «ሎግሮቴት» የሚባል ስክሪፕት ልታገኙ ትችላላችሁ። ኡቡንቱና ዴቢያን ላይ ይህ ስክሪፕት ሲስተምዲ መኖሩን ካየ ምንም ሳይሠራ ይወጣል። ስለዚህ ክሮኑን (ሌላውን የቀጠሮ ፕሮግራም) ማስተካከል ድካም ብቻ ነው። የምትነኩት ታይመሩን ነው።

ሁለት ሰዓት እንዳለ አትርሱ

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ስለሆነ ቀስ ብለን እንየው።

ሎግሮቴት ሁልጊዜ ነቅቶ የሚጠብቅ ፕሮግራም አይደለም። ይቀሰቀሳል፣ ሕጎቹን ያነባል፣ መዞር ያለበትን ያዞራል፣ ተመልሶ ይጠፋል። የሰፈር ቆሻሻ ጋሪን አስቡ። በርሜላችሁ ማክሰኞ ቢሞላም ጋሪው የሚመጣው ሐሙስ ከሆነ እስከ ሐሙስ ትጠብቃላችሁ።

ስለዚህ ሁለት የተለያዩ ነገሮች አሉ። አንዱ ታይመሩ ነው፤ ሎግሮቴት መቼ እንደሚቀሰቀስ ይወስናል። ሁለተኛው በቅንብር ፋይሉ ውስጥ የምትጽፉት «ዴይሊ»፣ «ዊክሊ» ወይም «ሳይዝ» ነው። እሱ ደግሞ ሎግሮቴት ከነቃ በኋላ ይህ ሎግ ይዙር ወይስ አይዙር የሚለውን ይወስናል። ታይመሩ በቀን አንዴ እየቀሰቀሰ ፋይሉ ውስጥ «አወርሊ» ብትጽፉ ሎጉ በየሰዓቱ አይዞርም። «ሳይዝ 100ኤም» ብትሉም መጠኑ የሚታየው ሎግሮቴት በነቃበት ቅጽበት ብቻ ነው። በመሃል ሎጉ አሥር እጥፍ ቢሆን የሚያውቅ የለም።

ሎግሮቴት ማስታወሻም አለው። ኡቡንቱ ላይ /ቫር/ሊብ/ሎግሮቴት/ስታተስ የሚባል ፋይል ነው። እያንዳንዱ ሎግ መጨረሻ የዞረበትን ቀን እዚያ ይመዘግባል። አዲስ ሎግ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያይ ደግሞ ቀኑን መዝግቦ ብቻ ያልፈዋል። የሚያዞረው ከዚያ በኋላ አንድ ዙር ሲሞላ ነው። ቅንብር ጽፋችሁ በዚያው ቀን ምንም ካልሆነ አትደንግጡ፤ ነገ ይዞራል።

ሰዓቱን መምረጥ

ኮምፒውተሩ ከእኩለ ሌሊት ነው የሚቆጥረው፤ እኛ ከንጋት። ልዩነቱ ስድስት ሰዓት ነው። የእኛ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ለኮምፒውተሩ 04:00 ነው። ከቀኑ 6:30 ማለት 12:30 ነው። ከምሽቱ 3 ሰዓት ማለት 21:00 ነው። ይህን ወረቀት ላይ ጽፋችሁ አጠገባችሁ አስቀምጡ።

ከዚያ «ታይምዴትሲቲኤል» በሉና የሰርቨሩን የሰዓት ቀጠና እዩ። ውጭ አገር የተከራያችሁት ሰርቨር ብዙ ጊዜ በዩቲሲ፣ ማለትም በዓለም አቀፉ መለኪያ ሰዓት፣ ነው የሚመጣው። እኛ ከዩቲሲ ሦስት ሰዓት እንቀድማለን። ስለዚህ የዩቲሲ እኩለ ሌሊት አዳማ ላይ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነው። ይህ በራሱ ክፉ ሰዓት አይደለም። ችግሩ የሚመጣው የአንድ ቀን ሎግ የሁለት ቀን እንግዳ ይዞ ሲገኝና ሰው ሲያከራክር ነው። ሰርቨሩ የሚያገለግለው እዚህ ያለ ሰው ከሆነ ቀጠናውን ወደ አፍሪካ/አዲስ_አበባ ቀይሩት። «ሱዱ ታይምዴትሲቲኤል ሴት-ታይምዞን» ብላችሁ የቀጠናውን ስም ታስከትላላችሁ። የአህጉሩ፣ የ«አዲስ»ም የ«አበባ»ም መነሻ ፊደል ትልቅ ነው። ከዚህ በኋላ ሰርቨሩን ሪስታርት ማድረግ ጥሩ ነው፤ አንዳንድ ፕሮግራሞች የድሮውን ቀጠና ይዘው ይቆያሉ።

የትኛው ሰዓት ይሻላል? ለሆቴል፣ ሰርቨሩ ሃያ አራት ሰዓት የሚሠራ ስለሆነ፣ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ጥሩ ነው። እንግዳው ተኝቷል፣ ቁርስ ገና ነው። ማታ ማታ ለሚጠፋ የቢሮ ወይም የፋርማሲ ማሽን ግን ሌሊትን አትምረጡ። ሲስተምዲ ያለፈውን ቀጠሮ ማሽኑ እንደተከፈተ ሊያካክሰው ይሞክራል። ያ ማለት ጠዋት ሠራተኛው ኮምፒውተሩን ሲከፍት ዲስኩ ሎግ በማመቅ ተጠምዶ ያገኘዋል። እንዲህ ላለው ማሽን የምሳ ሰዓትን እመርጣለሁ። ከቀኑ 6:30 ማሽኑ በርቷል፣ ሰዉ ግን ወጥቷል።

ታይመሩን መቀየር

ዋናውን የታይመር ፋይል አትንኩ። ፓኬጁ ሲታደስ ለውጣችሁ ሊጠፋ ይችላል። ይልቅ «ሱዱ ሲስተምሲቲኤል ኤዲት ሎግሮቴት.ታይመር» በሉ። ማረሚያ ይከፈታል። አዳዲስ ስሪቶች ላይ በ«#» የሚጀምሩ መስመሮች ይኖሩበታል፤ የእናንተን ከላይኛዎቹ ሥር ባለው ባዶ ቦታ ላይ ታስገባላችሁ። እዚያ ይህን ጻፉ፦

[ታይመር]
ኦንካሌንደር=
ኦንካሌንደር=*-*-* 04:00:00
አኪዩረሲሴክ=1ኤም
ፐርሲስተንት=ትሩ

እዚህ ፋይል ውስጥ ትልቅና ትንሽ ፊደል ይለያል። «ታይመር»፣ «ፐርሲስተንት» እና «አኪዩረሲ» በትልቅ ፊደል ይጀምራሉ። «ኦን» እና «ካሌንደር» የተጣበቁ ሁለት ቃላት ናቸው፤ የሁለቱም መነሻ ትልቅ ነው። «ሴክ»ም እንዲሁ።

ባዶው «ኦንካሌንደር=» የተረሳ መስመር አይደለም። የድሮውን ቀጠሮ የሚሰርዘው እሱ ነው። ከዘለላችሁት አዲሱ ቀጠሮ በአሮጌው ላይ ይደረብና ሎግሮቴት በቀን ሁለቴ ይነሳል።

«አኪዩረሲሴክ» ሲስተምዲ ከቀጠሮው ምን ያህል መዘግየት እንደሚፈቀድለት ይናገራል። መደበኛው ቅንብር ሰፊ ነው፤ በአንዳንድ ስሪት አንድ ሰዓት፣ በቆዩት ደግሞ እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት። ሰዓቱ ግድ የሚላችሁ ከሆነ አንድ ደቂቃ አድርጉት።

«ፐርሲስተንት=ትሩ» ለእኛ አገር ትልቅ ነገር ነው። በቀጠሮው ሰዓት መብራት ጠፍቶ ከነበረ፣ ማሽኑ ሲነሳ ያለፈውን ሥራ አንድ ጊዜ ያካክሳል። አሥር ቀን ጠፍቶ ቢቆይ እንኳ አሥር ጊዜ አይደለም፣ አንዴ ብቻ። ተራ ክሮን ይህን አያደርግም። ያለፈው አለፈ ይላል።

አስቀምጣችሁ ውጡ። «ሲስተምዲ-አናላይዝ ካሌንደር» ብላችሁ ቀጠሮውን በትምህርተ ጥቅስ ብታስገቡለት ቀጥሎ የሚደርስበትን ቀንና ሰዓት ቆጥሮ ይነግራችኋል። በመጨረሻ «ሊስት-ታይመርስ»ን ድገሙት። አዲሱ ሰዓት ካልታየ የሆነ ፊደል ተሳስቷል።

የራሳችሁን የሎግ ሕግ መጻፍ

ዋናው ፋይል /ኢቲሲ/ሎግሮቴት.ኮንፍ ነው። ለሁሉም ሎግ የሚሠራ አጠቃላይ ሕግ ይዟል፤ በዴቢያንና በኡቡንቱ መነሻው በየሳምንቱ ማዞርና አራት ማስቀረት ነው። እሱን ተዉት። ለየሶፍትዌሩ የሚሆነው ሕግ /ኢቲሲ/ሎግሮቴት.ዲ ውስጥ በየራሱ ፋይል ይቀመጣል። እዚያ «ሆቴል» የሚባል ፋይል ፍጠሩና እንዲህ ጻፉ፦

/ቫር/ሎግ/ሆቴል/*.ሎግ {
    ዴይሊ
    ሮቴት 30
    ሚሲንግኦኬ
    ኖትኢፍኤምፕቲ
    ኮምፕረስ
    ዲሌይኮምፕረስ
    ዴትኤክስት
    ክሪኤት 0640 ሆቴል ኤዲኤም
    ሼርድስክሪፕትስ
    ፖስትሮቴት
        ሲስተምሲቲኤል ሪሎድ ሆቴል
    ኤንድስክሪፕት
}

የመጀመሪያው መስመር ላይ ያለችውን «.ሎግ» ልብ በሉ። ኮከቡን ብቻ ጽፋችሁ ከተዋችሁት ሎግሮቴት የዞሩትንም ፋይሎች እንደ አዲስ ሎግ ቆጥሮ እንደገና ያዞራቸዋል። በሳምንት ውስጥ ፎልደሩ ስማቸው በተደራረበ ፋይሎች ይሞላል።

«ሚሲንግኦኬ» ሎጉ ከሌለ ስህተት አትበል ማለት ነው። «ኖትኢፍኤምፕቲ» ባዶ ከሆነ አታዙር ነው። «ኮምፕረስ» በጂዚፕ ያምቃል። የጽሑፍ ሎግ በደንብ ይታመቃል፤ ብዙ ጊዜ ወደ አንድ አሥረኛው ይወርዳል። «ዲሌይኮምፕረስ» ደግሞ የትናንቱን ሎግ ሳያምቅ ለአንድ ዙር ያቆየዋል። ይህን እወደዋለሁ። ችግር ሲፈጠር መጀመሪያ የምታዩት የትናንቱን ሎግ ስለሆነ ተከፍቶ ቢጠብቃችሁ ጥሩ ነው።

አሁን ወደ ከባዱ ክፍል እንምጣ። ሎግሮቴት ሎጉን ሲያዞር ስሙን ነው የሚቀይረው። ሶፍትዌሩ ግን ፋይሉን አንዴ ከከፈተው በኋላ በስሙ አይደለም የሚያውቀው፤ የከፈተውን ይዞ ይቀጥላል። ስለዚህ ስሙ ቢቀየርም እዚያው አሮጌው ላይ መጻፉን አያቆምም። አዲሱ ሎግ ባዶ ሆኖ ይቀመጣል። ይባስ ብሎ አሮጌው ፋይል ቢሰረዝ እንኳ ሶፍትዌሩ እስካልለቀቀው ድረስ የዲስኩ ቦታ አይመለስም። «ዱ» ቦታ አለ ይላል፣ «ዲኤፍ» ሞልቷል ይላል። ሰው ግራ የሚጋባው ለዚህ ነው። እንዲህ ያለውን የተሰረዘ ግን ያልተለቀቀ ፋይል «ሱዱ ኤልኤስኦፍ +ኤል1» ያሳያችኋል። «ኤል» እዚህ ትልቅ ፊደል ናት።

መፍትሔው «ፖስትሮቴት» ነው። ሎጉ ከዞረ በኋላ ሶፍትዌሩን «ፋይልህን ዝጋና አዲሱን ክፈት» እንለዋለን። ከላይ ያለው «ሪሎድ» የሚሠራው ሶፍትዌሩ ይህን የሚረዳ ከሆነ ብቻ ነው፤ መጀመሪያ በእጅ ሞክሩት። ኤንጂንኤክስ የሚባለው ዌብ ሰርቨር «ዩኤስአር1» የሚባለውን ሲግናል ሲቀበል ሎጉን እንደገና ይከፍታል። የማሽኑን ሎጎች የሚጽፈው አርሲስሎግ ደግሞ «ኤችዩፒ» ይበቃዋል። «ሼርድስክሪፕትስ» ፎልደሩ ውስጥ አምስት ሎግ ቢኖር እንኳ ይህ ትዕዛዝ አምስት ጊዜ ሳይሆን አንዴ ብቻ እንዲሠራ ያደርጋል።

ሶፍትዌሩ ምንም ሲግናል የማይሰማ ከሆነስ? ብዙ አገር ውስጥ የተሠሩ ሶፍትዌሮች እንዲህ ናቸው። ያኔ «ክሪኤት»ንና ከ«ፖስትሮቴት» እስከ «ኤንድስክሪፕት» ያለውን አውጡና «ኮፒትራንኬት» ጻፉ። ሎጉን ይገለብጠዋል፣ ከዚያ ዋናውን ባዶ ያደርገዋል። ሶፍትዌሩ ምንም አያውቅም። ግን ዋጋ አለው። በመገልበጡና ባዶ በማድረጉ መካከል ባለችው ቅጽበት የተጻፈ መስመር ይጠፋል። ደግሞ ለመገልበጥ የሎጉን ያህል ባዶ ቦታ ያስፈልጋል፤ ሊሞላ በተቃረበ ዲስክ ላይ ይህ ቀልድ አይደለም። ለዋይፋይ ሎግ ግድ የለም። የገንዘብ እንቅስቃሴ ለሚጻፍበት ሎግ ግን አትጠቀሙበት። ለሶፍትዌሩ ባለሙያ ደውሉና ሎጉን እንደገና የሚከፍትበት መንገድ እንዲያስገባላችሁ ጠይቁ።

«ክሪኤት» በዞረው ሎግ ቦታ አዲስ ባዶ ሎግ ይፈጥራል። ከጎኑ ያለው «0640» ለባለቤቱ ማንበብና መጻፍ፣ ለቡድኑ ማንበብ፣ ለሌላው ምንም ማለት ነው። የሆቴል ሎግ የሰው ስም፣ ስልክ፣ የገባበት ሰዓት ሊኖረው ይችላል። ማንም እንዲያየው አትተዉት። ለዘላለም ማስቀመጥም አይገባም። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ የእንግዳን መረጃ ከሚያስፈልገው ጊዜ በላይ ማቆየት የሕግ ጥያቄም ነው። ስለዚህ «ሮቴት 30» ሲባል የዲስክ ቦታን ብቻ አታስቡ።

ለቦታው ግን እንዲህ አስሉ። ሎጉ በቀን 200 ሜጋባይት ከሆነ ሠላሳ ቀን ሳይታመቅ 6 ጊጋባይት ነው። ሲታመቅ በግምት 600 ሜጋባይት፤ በዚያ ላይ የዛሬውና የትናንቱ ያልታመቁ 400 ሜጋባይት ይደመራሉ። ስሌቱን በጉባኤ ቀን መጠን ሥሩት እንጂ በተራ ቀን አይሁን።

የጉባኤ ቀን ሲመጣ

«ዴይሊ» ብቻ ለተጥለቀለቀ ቀን አይበቃም። የመጠን ገደብ ያስፈልጋል። ሦስት ተመሳሳይ የሚመስሉ ቃላት አሉ፤ ልዩነታቸው ትልቅ ነው።

«ሳይዝ» መጠንን ብቻ ያያል፤ ቀኑን ይረሳዋል። «ሚንሳይዝ» ቀኑም ደርሶ መጠኑም ሞልቶ ካልሆነ አያዞርም። «ማክስሳይዝ» ደግሞ ቀኑ ባይደርስም መጠኑ ካለፈ ያዞራል። እኛ የምንፈልገው ሦስተኛውን ነው። ከ«ዴይሊ» ሥር «ማክስሳይዝ 200ኤም» ጨምሩ፤ «ኤም» ትልቅ ፊደል ናት። ተራ ቀን በቀን አንዴ ይዞራል፤ የጉባኤ ቀን 200 ሜጋባይት ባለፈ ቁጥር።

ነገር ግን ጋሪውን አስታውሱ። በቀን አንዴ የሚመጣ ከሆነ ገደቡ ትርጉም የለውም። ታይመሩን በየሰዓቱ እንዲቀሰቅስ አድርጉት፤ «ኦንካሌንደር=አወርሊ»። ሌሎቹ ሎጎች በየሰዓቱ ይዞራሉ ብላችሁ አትስጉ። «ዴይሊ» የተባለው ያው በቀን አንዴ፣ «ዊክሊ» የተባለውም በሳምንት አንዴ ነው፤ ማስታወሻ ፋይሉ ይጠብቃቸዋል። ማሽኑ የሚከፍለው በየሰዓቱ ጥቂት ፋይሎችን ማንበብ ነው። ግን ዋጋው ሌላ ነው፤ ቀኑ የሚቀየረው በእኩለ ሌሊት ስለሆነ «ዴይሊ» ሎጎች ከዚያ በኋላ በመጀመሪያው ቅስቀሳ ይዞራሉ። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ያልነው ምርጫ እዚህ ላይ ይቀራል። ለሆቴል ይህ ችግር የለውም።

ሁለት ወጥመዶች አሉ። አንደኛው የስም ነው። «ዴትኤክስት» ለዞረው ሎግ የቀኑን ስም ይሰጠዋል። በአንድ ቀን ሁለተኛ ጊዜ ሲዞር ግን ያ ስም ተይዟል፤ ሎግሮቴት ዘሎት ያልፋል። ሎጉም ማበጡን ይቀጥላል። ስለዚህ «ዴትፎርማት -%ዋይ%ኤም%ዲ-%ኤች» ጻፉ። «ዋይ» እና «ኤች» ትልቅ፣ «ኤም» እና «ዲ» ትንሽ ፊደል ናቸው። ቅደም ተከተሉ ዓመት፣ ወር፣ ቀን፣ ሰዓት መሆን አለበት። ሎግሮቴት የትኛው አሮጌ እንደሆነ የሚለየው ስሞቹን በፊደል ተራ ደርድሮ ነውና ቀኑን ካስቀደማችሁ የተሳሳተውን ሊሰርዝ ይችላል።

ሁለተኛው ወጥመድ የባሰ ነው። «ሮቴት 30» ሠላሳ ቀን ማለት አይደለም፤ ሠላሳ ፋይል ማለት ነው። የጉባኤው ሎግ በቀን አሥራ አምስት ጊዜ ከዞረ በሁለት ቀን ውስጥ የወሩ ሎግ ተጠርጎ ይሄዳል። ቁጥሩን ወደ 200 ከፍ አድርጉና «ማክስኤጅ 30» ጨምሩበት። ያኔ ከሠላሳ ቀን ያለፈው በዕድሜው ይሰረዛል፣ ቁጥሩ ደግሞ ዲስኩን የሚጠብቅ የመጨረሻ አጥር ይሆናል።

ሐምሌ 1 የሚቆረጥ ሎግ

የሒሳብ ክፍሉ የሚፈልገው ሎግ ሌላ ነው። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 አልቆ ሐምሌ 1 ይጀምራል። ሎግሮቴት «ይርሊ» ሲባል ግን የሚያዞረው በፈረንጆቹ ጥር መግቢያ ነው። በየዓመቱ የሒሳብ መዝጊያ ላይ ሁለት ፋይል ቆርጦ መለጠፍ ይመጣል።

ደግነቱ ሐምሌ 1 ሁልጊዜ የሚውለው በፈረንጆቹ ጁላይ 8 ነው። እንደ መስከረም 1 ከዓመት ዓመት አይንቀሳቀስም። ስለዚህ ቋሚ ቀጠሮ መስጠት ይቻላል።

ለዚህ ሎግ ሕጉን /ኢቲሲ/ሎግሮቴት.ዲ ውስጥ አታስገቡ፤ ያኔ የዕለቱ ቅስቀሳም ያገኘዋል። ሎጉን ራሱንም ከ/ቫር/ሎግ/ሆቴል አውጡና ሌላ ፎልደር ስጡት፤ ካለበለዚያ ያኛው የኮከብ መስመር ይይዘዋል። ሕጉን /ኢቲሲ/ሒሳብ-ሎግ.ኮንፍ በሚመስል የተለየ ቦታ አስቀምጡ። ውስጡ «ይርሊ»፣ «ሮቴት 10»፣ «ኮምፕረስ»፣ «ዴትኤክስት» እና «ዴትየስተርዴይ» ይኑር። «ክሪኤት»ንና «ፖስትሮቴት»ንም እንደ ላይኛው አድርጉ። «ዴትየስተርዴይ» ፋይሉን በትናንቱ ቀን ይሰይመዋል፤ ትናንት ሰኔ 30 ስለሆነ ስሙ ላይ ያለው ቀን 0707 ብሎ ያልቃል። ያበቃውን ዓመት በትክክል ያመለክታል።

ቀጥሎ /ኢቲሲ/ሲስተምዲ/ሲስተም ውስጥ አንድ ሰርቪስና አንድ ታይመር ፋይል በተመሳሳይ ስም ፍጠሩ። ሰርቪሱ የሚያስኬደው ትዕዛዝ «/ዩኤስአር/ኤስቢን/ሎግሮቴት -ኤፍ -ኤስ /ቫር/ሊብ/ሎግሮቴት/ሒሳብ.ስታተስ /ኢቲሲ/ሒሳብ-ሎግ.ኮንፍ» ይሁን። «-ኤፍ» አስገድደህ አዙር ነው። «-ኤስ» የተለየ ማስታወሻ ፋይል ይሰጠዋል። በታይመሩ ውስጥ «ኦንካሌንደር=*-07-08 00:05:00» እና «ፐርሲስተንት=ትሩ» ጻፉ፤ በ[ኢንስቶል] ክፍሉ ደግሞ «ዎንትድባይ=ታይመርስ.ታርጌት»። የ«ኢንስቶል»፣ የ«ዎንትድ»ም የ«ባይ»ም መነሻ ፊደል ትልቅ ነው። ሐምሌ 1 ሌሊት መብራት ቢጠፋ እንኳ ማሽኑ ሲነሳ ይቆርጠዋል። «ሱዱ ሲስተምሲቲኤል ኢኔብል --ናው» ብላችሁ የታይመሩን ስም በማስከተል አስነሱት። «-ኤፍ»ን በዋናው /ኢቲሲ/ሎግሮቴት.ኮንፍ ላይ ግን በጭራሽ አትጠቀሙ። የማሽኑን ሎግ ሁሉ ባንዴ ያዞረዋል።

ስንት ዓመት እንደሚቀመጥ ሒሳብ ሹሙን ጠይቁ። የቴክኒክ ሰው ብቻውን የሚወስነው አይደለም።

መሞከር

«ሱዱ ሎግሮቴት -ዲ /ኢቲሲ/ሎግሮቴት.ዲ/ሆቴል» በሉ። «-ዲ» ምንም ሳይነካ ምን ሊያደርግ እንዳሰበ ብቻ ይናገራል። የትኞቹን ሎጎች እንዳገኘ፣ ይዞራሉ ወይስ አይዞሩም እንዳለ አንብቡ። የምትጠብቁት ሎግ ስሙ ካልተጠራ የመጀመሪያው መስመር ላይ ያለው መንገድ ተሳስቷል።

ያ ካማረ «-ዲ»ን በ«-ቪኤፍ» ተኩና በእውነት አዙሩት። ወዲያው «ኤልኤስ -ኤል» ብላችሁ ፎልደሩን እዩ። አሮጌው ስሙ ተቀይሯል? አዲሱ በትክክለኛው ባለቤት ተፈጥሯል? ከዚያ «ቴይል -ኤፍ» ብላችሁ አዲሱን ሎግ ክፈቱና ሶፍትዌሩ ላይ አንድ ሥራ ሥሩ። መስመር ካልመጣ ሶፍትዌሩ አሁንም አሮጌው ላይ እየጻፈ ነው፤ ወደ «ፖስትሮቴት» ተመለሱ። ይህን ፍተሻ አትዝለሉ። ሌላው ሁሉ ትክክል ሆኖ እዚህ ጋ የሚወድቅ ብዙ ነው።

ካልሠራ

«ጆርናልሲቲኤል -ዩ ሎግሮቴት» ምን እንደተፈጠረ ይነግራችኋል። ብዙ ጊዜ የሚገጥሙት እነዚህ ናቸው።

የቅንብር ፋይሉ ባለቤት ሩት ካልሆነ ወይም ሌላ ሰው ሊጽፍበት ከቻለ ሎግሮቴት ይተወዋል። «0644» አድርጉት። ሎጎቹ ያሉበት ፎልደር ላይ ቡድኑ ሊጽፍ ከቻለም ደህንነቱ አላረካኝም ብሎ እምቢ ይላል። ያኔ ሕጉ ውስጥ «ሱ» ብላችሁ የተጠቃሚውንና የቡድኑን ስም ጻፉ። የፋይላችሁ ስም በ«.ባክ» ወይም በ«.ዲሴብልድ» ካለቀ ደግሞ ሆን ብሎ ያልፈዋል። አንድ ሎግ በሁለት ሕግ ውስጥ ከተጠራም ተደግሟል ብሎ ስህተት ያወጣል።

መብራት በድንገት ከጠፋ በኋላ ሮቴሽን ሙሉ በሙሉ ከቆመ ማስታወሻ ፋይሉን ጠርጥሩ። መሃል ላይ ተቆርጦ ከተበላሸ ሎግሮቴት ማንበብ ያቅተውና ሥራውን ሊተው ይችላል። ፋይሉን ስሙን ቀይራችሁ ወደ ጎን አድርጉትና ሎግሮቴትን እንደገና አስነሱ። አዲስ ማስታወሻ ይፈጥራል። ሁሉንም ሎግ እንደ አዲስ ስለሚያይ ለአንድ ዙር አያዞርም፤ ዲስኩ ጠባብ ከሆነ በእጃችሁ በ«-ኤፍ» አንዱን አዙሩ።

ሎግሮቴት የማይነካው ሎግ

/ቫር/ሎግ/ጆርናል የሲስተምዲ የራሱ ነው። ለብቻው ገደብ አለው፤ ሳትነኩት ከዲስኩ እስከ አሥር ከመቶ፣ ቢበዛ 4 ጊጋባይት ይይዛል። ለትንሽ ዲስክ ይህ ብዙ ነው። /ኢቲሲ/ሲስተምዲ/ጆርናልዲ.ኮንፍ ውስጥ «ሲስተምማክስዩዝ=500ኤም» ጻፉና ጆርናልዲን ሪስታርት አድርጉ። የሦስቱም ቃላት መነሻ፣ «ኤም»ም ጭምር፣ ትልቅ ፊደል ነው።

ፍሪቢኤስዲ የምትጠቀሙ ከሆነ ሎግሮቴትን አትፈልጉ። እዚያ ሥራውን የሚሠራው ኒውሲስሎግ ነው፤ ቅንብሩ /ኢቲሲ/ኒውሲስሎግ.ኮንፍ ነው። ለእያንዳንዱ ሎግ አንድ መስመር ይጻፋል፦ የፋይሉ ስም፣ ባለቤቱ፣ ፈቃዱ፣ ስንት እንደሚቀመጥ፣ መጠኑ በኪሎባይት፣ ሰዓቱ፣ ከዚያ ምልክቶቹ። ክሮን በየሰዓቱ ስለሚቀሰቅሰው የመጠን ገደብ ያለ ተጨማሪ ሥራ ይሠራል። በሰዓት ቦታ «@ቲ04» ብትጽፉ በየቀኑ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ያዞራል፤ «ቲ» ትልቅ ፊደል ናት።

ይህን ሁሉ ከጨረሳችሁ አንድ ሳምንት ጠብቁ። ከዚያ «ሊስት-ታይመርስ»ን፣ የሎግ ፎልደሩንና «ዲኤፍ»ን አንድ ላይ እዩ። ከተቻለ በመሃሉ አንድ የጉባኤ ቀን ይኑርበት። «ማክስሳይዝ» ትክክል መሆን አለመሆኑ የሚታወቀው ያን ቀን ነው፤ ፋይሎቹ በየሰዓቱ ከዞሩ ቁጥሩን ከፍ፣ አንዱ ፋይል ብቻውን ጊጋባይት ካለፈ ታይመሩን በየሩብ ሰዓት አድርጉት፤ ያኔ «ዴትፎርማት» ላይ «%ኤም»ን በትልቅ ፊደል፣ ማለትም ደቂቃን፣ መጨመር እንዳትረሱ።